ሁለቱ ታቦሮች፦ የቅዱስ ተራራ ስም በሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕልና በጎንደር አካባቢ

መግቢያ

በአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ውስጥ ጸሐፊው የዘመቻውን ትረካ ለአፍታ ገታ አድርጎ የሚቆጣበት አንድ ቦታ አለ። ንጉሡ (1563–1597) የሰሜንን አምባዎች ይዞ የነበረውን የቤተ እስራኤል መሪ ረዳኢን ሊወጋ በ1570ዎቹ መጨረሻ ይዘምታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው እንደሚነግረን ረዳኢ በእጁ ላሉት ተራሮች የእስራኤልን አገር ተራሮች ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ አንዱን ደብረ ሲና፣ ሌላውን ደብረ ታቦር ይላቸው ነበር። ይህን ከነገረን በኋላ ጸሐፊው ይቆጣል። አንድ አይሁዳዊ የራሱን ተራሮች እግዚአብሔር ከወረደባቸውና ምሥጢሩን ከገለጠባቸው ተራሮች ጋር ማስተካከሉ ምን ያህል ትዕቢት ነው በሚል መንፈስ ይነቅፈዋል።

ዜና መዋዕሉን ኮንቲ ሮሲኒ በ1907 ካሳተመው ወዲህ ይህ አንቀጽ ለታሪክ ተመራማሪዎች እንግዳ አይደለም። እኔም በክፍል ውስጥ የነቀፋ ስልት ምሳሌ እያደረግሁ ለዓመታት ሳቀርበው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ «ረዳኢ ታቦር ያለው የትኛውን ታቦር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ታቦር አንድ ብቻ ነው ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሱ ጠፋብኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

የጽሑፉ ዓላማ የዜና መዋዕሉን ጸሐፊ እንደ ሐያሲ ቆጥሮ ሒሱን መመርመር ነው። ጸሐፊው በዚህ አንቀጽ የሠራው ሥራ በእርግጥም የሐያሲ ሥራ ነው፤ አንድ ሌላ አንባቢ ቅዱስ መጽሐፍን እንዴት እንዳነበበ ተመልክቶ ንባቡ ስሕተት ነው ብሎ ፈርዷል። ፍርዱ ከብዕር አልፎ በጦር የተፈጸመ በመሆኑ ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት ግን የጸሐፊው ፍርድ ራሱ በሚያምንባቸው መጻሕፍት ሲመዘን አይጸናም። ይህንም ከቃሉ፣ ከኦሪቱ፣ ከወንጌሉና ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ልማድ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ደብር የሚለው ቃል

በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው። ገዳም የሚለውም ሰው የማይኖርበት ዱርና ምድረ በዳ ማለት ነበር። ሁለቱም ቃላት የመልክዐ ምድር ስሞች ሳሉ መነኮሳት ተራራውንና ምድረ በዳውን መኖሪያቸው ስላደረጉ ቀስ በቀስ የማኅበሩና የቤተ ክርስቲያኑ መጠሪያ ሆኑ። አማርኛ የወረሰው ይህን ሁለተኛውን ፍቺ ነው። ዛሬ «የደብሩ አለቃ» የሚል ሰው ተራራ አይታየውም። እንዲያውም «የደብረ ዘይት ተራራ» እያልን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ስንጠራው ለጆሯችን አይጎረብጠንም። ቃሉ ቁልቁል ወርዶ ሜዳ ላይ ቆሟል።

የዚህን ለውጥ ትርጉም በልጅነቴ ሳላውቀው ኖሬበታለሁ። ጎንደር ውስጥ ነሐሴ 13 ቀን፣ የደብረ ታቦር ወይም የቡሄ ዕለት፣ ችቦ ሲበራና ሙልሙል ሲታደል እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ጅራፍ አጮህ ነበር። የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው የነጎድጓድ ድምፅ፣ ችቦው የብርሃኑ፣ ሙልሙሉም በብርሃኑ ተታለው ከመስክ ላልተመለሱ እረኞች ወላጆቻቸው ያደረሱላቸው እንጀራ ምሳሌ እንደሆነ አያቴ ነግራኛለች። «እማማ፣ ታቦር የት ነው?» ስላት ሳታመነታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠቆመችኝ፤ በፎገራ በኩል አልፎ ወዳለው ወደ ደብረ ታቦር ከተማ። ለእርሷ ጌታ የተገለጠበት ተራራ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነበር።

አያቴን ማንም ትዕቢተኛ አላላትም። ረዳኢ ያደረገው እርሷ ካደረገችው በምን ይለያል? ጥያቄው ሁለት ነገር እንድንመረምር ያስገድደናል፦ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተራራን ቅዱስ የሚያደርገው ምን እንደሆነና ያ ቅድስና ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ ይችል እንደሆነ።

የሲና ቅድስና

በዘጸአት 19 የሲና ተራራ የሚገባው ድንገት ነው። ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል አልተነገረንም፤ ዕፅዋቱም አልተገለጸም። ትረካው የሚያተኩረው በመውረድ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ይወርዳል፣ ተራራው ይጤሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ሕዝቡ ልብሱን አጥቦ ለሦስተኛው ቀን እንዲዘጋጅ ይታዘዛል፤ በተራራው ዙሪያ ወሰን ይደረጋል፤ ወሰኑን አልፎ የነካ ይሞታል።

ሆኖም ክልከላው የጊዜ ገደብ አለው። ሕዝቡ ወደ ተራራው የሚወጣበት ጊዜ በዚያው ምዕራፍ ተወስኗል። በዕብራይስጡ ምልክቱ የቀንደ መለከቱ ረጅም ድምፅ ነው። በግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ ድምፁም መለከቱም ደመናውም ከተራራው ሲርቁ ሰዎቹ ሊወጡ እንደሚችሉ ይነገራል። የኢትዮጵያ ግእዝ ብሉይ የተተረጎመው ከግሪኩ በመሆኑ ይህ ልዩነት ለእኛ ፋይዳ አለው። በዚህ ንባብ መሠረት ተራራው ቅዱስ የሚሆነው ደመናው እስካለ ድረስ ነው። ደመናው ሲሄድ ተራራው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ፍየል ሊሰማራበት ይችላል።

ደመናው የት ሄደ? መጽሐፉ ራሱ ይመልሳል። በዘጸአት መጨረሻ (ምዕ. 40) ያው ደመና በድንኳኑ ላይ ያርፋል። ከተራራው የተቀበሉት ጽላት በታቦቱ ውስጥ ናቸው፤ ታቦቱ በድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ተነቅሎ የሚጓዝ ነው። በትረካ አወቃቀር ካየነው የዘጸአት መጽሐፍ ሁለተኛ አጋማሽ አንድ ተራራ ተሸክመውት ሊሄዱ ወደሚቻል ዕቃ እንዴት እንደተለወጠ የሚተርክ ነው። ሕዝቡ ሲናን ትቶ ሲሄድ ሲናን ይዞ ሄደ።

እዚህ ላይ የጸሐፊያችን የመጀመሪያ ስሕተት ይታያል። ረዳኢን የነቀፈው የእስራኤልን ምድር ተራሮች ስም ወሰደ ብሎ ነው። ሲና ግን የእስራኤል ምድር ተራራ አይደለም። ከግብፅ ወጥተው ወደ ተስፋይቱ ምድር ሳይገቡ መካከል ላይ፣ የማንም ርስት ባልሆነ ምድረ በዳ የሚገኝ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መኪልታ በተባለው ጥንታዊ የኦሪት ትርጓሜ ይህን አስተውለው ሕጉ በባዶ መሬት የተሰጠው ማንም ወገን የእኔ ነው ብሎ ሌላውን እንዳይከለክል ነው ብለዋል። በሌላም ትርጓሜያቸው ተራሮች ሕጉ በእኔ ላይ ይሰጥ እያሉ ሲከራከሩ፣ ታቦርና ቀርሜሎስ በከፍታቸው ሲመኩ፣ የተመረጠው ትሑቱ ሲና እንደነበረ ይተርካሉ። ቤተ እስራኤል ከእነዚህ የረቢዎች መጻሕፍት ጋር ትውውቅ ስላልነበራቸው ረዳኢ ይህን ትረካ ሰምቶታል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስለ ተራራና ስለ ትዕቢት የሚነሣው ክርክር ከሰሜን አምባዎች ርቆም የኖረ መሆኑን ያሳየናል።

ሁለቱ ታቦሮች

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። ጸሐፊው ታቦር የሚለውን ስም ሲሰማ የታየው እግዚአብሔር የወረደበትና ምሥጢር የተገለጠበት ተራራ ነው። ይህ የወንጌሉ ታቦር ነው፤ ጌታ በሦስቱ ደቀ መዛሙርት ፊት የተለወጠበት፣ ሙሴና ኤልያስ የታዩበት። ይሁን እንጂ ማቴዎስም (ምዕ. 17) ማርቆስም (ምዕ. 9) ሉቃስም (ምዕ. 9) የዚያን ተራራ ስም አይነግሩንም። ሁለቱ ረጅም ተራራ ይሉታል፤ ሉቃስ ተራራ ብቻ ብሎ ያልፋል። ታቦር የሚለው ስም የመጣው ከትውፊት ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም በስሙ ይጠራዋል።

በኦሪት ግን ታቦር በስሙ የተጻፈ ተራራ ነው። በእኛ አገር ኦሪት ሲባል አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ብቻ ማለት አይደለም፤ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት ተጨምረው ስምንት ናቸው። ይህ አቆጣጠር በክርስቲያኑም በቤተ እስራኤሉም ዘንድ የታወቀ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ነቢይቱ ዲቦራ ባርቅን ጠርታ አሥር ሺህ ሰው ይዞ ወደ ታቦር ተራራ እንዲወጣ ታዘዋለች። ጠላታቸው ሲሣራ ዘጠኝ መቶ የብረት ሰረገሎች አሉት፤ ኃይሉ ሜዳ ላይ ነው። የእስራኤል ሰዎች ኃይል ተራራው ነው። ከታቦር ይወርዳሉ፣ የሲሣራ ሠራዊትም በቂሶን ወንዝ አጠገብ ይሸነፋል።

እንግዲህ ሁለት ታቦሮች አሉ። አንደኛው የብርሃን ተራራ ነው፤ ሁለተኛው ጥቂቶች ብዙዎችን የሚጠብቁበት አምባ ነው። ረዳኢ የሚያነበው መጽሐፍ ወንጌል ሳይሆን ኦሪት ነበር። በሰሜን ገደል ላይ ሆኖ ከታች የሚመጣውን የንጉሥ ሠራዊት የሚጠብቅ የኦሪት አንባቢ ለምሽጉ ታቦር የሚል ስም ቢያወጣ ከዚህ የቀረበ ንባብ ከየት ይመጣል? ጸሐፊው ግን የራሱን ታቦር በረዳኢ አፍ ውስጥ ጨምሮ፣ ያልተናገረውን እንደተናገረ ቆጥሮ ፈረደበት። በሒስ ሥራ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት ያለ አይመስለኝም፤ የሌላውን ሰው ቃል በራስ መዝገበ ቃላት ፈትቶ ባለቤቱን መክሰስ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስለ ረዳኢ አሰያየም የምናውቀው ከጠላቱ ብዕር ብቻ ነው፤ ምናልባት ጸሐፊው ራሱ ፈጥሮት ቢሆንስ? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለነቀፋ ብሎ የፈጠረው ቢሆን ኖሮ በአይሁዳዊ አፍ የሚያስገባው ጽዮንን ወይም ሞሪያን፣ ማለትም የቤተ መቅደሱን ተራራ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ታቦርን ለመምረጥ መሳፍንትን እንደ አምባ ሰው ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሙ ከረዳኢ ወገን የመጣ እንደሆነ መቀበል ይቀለኛል።

የጸሐፊው ቤት

ጸሐፊው የነቀፈው ልማድ በራሱ ቤት የታወቀ ነበር። ጎርጎራ ላይ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ደብረ ሲና ማርያም ትገኛለች። በትውፊት ከሠርፀ ድንግል ዘመን አስቀድሞ እንደተመሠረተች ይነገርላታል። ሐይቅ ዳር ያለችውን ስፍራ የሲና ተራራ ብሎ የጠራ ሰው ትዕቢተኛ ካልተባለ፣ በሰሜን ሰማይ ጠቀስ ተራራ ላይ ቆሞ ያንኑ ስም የጠራ ለምን ይባላል? የሰሜን ተራሮች እኮ በራስ ዳሽን 4,533 ሜትር ይደርሳሉ።

ነገሩ በክብረ ነገሥት ሲታይ ይብሳል። ጽዮን በመጀመሪያ የኢየሩሳሌም ተራራ ስም ናት። ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ መጣች ይለናል፤ የነገሥታቱም ሥልጣን በዚህ ትረካ ላይ የቆመ ነበር። ቅድስና ከተራራ ወደ ታቦት፣ ከታቦት ወደ አገር መሄድ ይችላል የሚለው እምነት ከሌለ ንጉሡ የሰሎሞን ዘር የጽዮንም ጠባቂ ነኝ ሊል አይችልም። ጸሐፊው ለጌታው የፈቀደውን ለረዳኢ ከለከለ። የሁለቱ መሠረት ግን አንድ ነው፤ ያ ከሲና ተነሥቶ በድንኳን የተጓዘው ደመና።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከቈረቈረ በኋላ ቀዳማዊ ኢያሱ በ1690ዎቹ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሠራ፤ የብርሃን ተራራ ማለት ነው። በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ይህች ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከከተማው ወጣ ብላ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ስታሠራ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ያረፈችበትን የግብፅ ተራራ ስም ወደ ጎንደር አመጣች። ዛሬ ጎንደር ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ሲናን፣ ታቦርንና ቁስቋምን በየአቅጣጫው ሊጠቁም ይችላል።

በወንጌልም ጉዳዩ ያለ መልስ አልቀረም። በዮሐንስ ምዕራፍ 4 ሳምራዊቷ ሴት በጉድጓዱ አጠገብ ይህንኑ ጥያቄ ታነሣለች፤ አባቶቿ በገሪዛን ሰገዱ፣ አይሁድ ደግሞ ኢየሩሳሌም ይላሉ፤ የትኛው ነው ትክክል? የሚሰጣት መልስ አንዱን ተራራ በሌላው አይተካም፤ እውነተኛ ስግደት በዚህም በዚያም ተራራ የማይወሰንበት ጊዜ ይመጣል ይላታል። ጸሐፊያችን ይህን ወንጌል ሲነበብ ሳይሰማ አልቀረም። ሰሜን ላይ ሲደርስ ግን ተራራው የት መሆን እንዳለበት በሰይፍ ከሚወስኑት ወገን ተሰለፈ።

የዚህን ንባብ ዋጋ ራሱ ዜና መዋዕሉ መዝግቦታል። አንዲት የተማረከች ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትሄድ የእግዚአብሔርን ስም ጠርታ ራሷን ወደ ገደሉ እንደወረወረችና እርሱንም ይዛው እንደሄደች ይተርካል። ስለ ተራራ ስም የጻፈው ብዕርና ይህን የጻፈው ብዕር አንድ ናቸው። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ሳነብ የመጀመሪያውን የስልት ምሳሌ ብቻ አድርጌ ማስተማሬ ያሳፍረኛል።

ስም የሌለው ተራራ

ቤተ እስራኤል ውሎ አድሮ ተራራቸውን እንደ ምሽግ አጡ። በኋለኛው ዘመን ሲታዩ ግን ተራራው በሌላ መልክ ይገኛል። ከአስተስርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን የሚከበረው ስግድ፣ በሌላ ስሙ ምህልላ፣ የተራራ በዓል ነው። ሕዝቡ ታጥቦ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እየጾመ ከቄሶቹ ጋር ወደ ተራራ ይወጣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ወጥተው የሕጉን መሰጠት ከዘጸአት፣ የምርኮኞቹን ኑዛዜና የቃል ኪዳኑን መታደስ ከነህምያ ምዕራፍ 9 በግእዝ ያነባሉ፤ ለሕዝቡም በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎምለታል። ከዚያ ወርደው ጾሙን ይፈታሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋነኛው ስፍራ ከጎንደር ብዙ የማይርቀው አምቦበር ነበር።

በስግድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ያስገርሙኛል። አንደኛ፣ ተራራው ሲና ወይም ታቦር መባል አላስፈለገውም። የሚነበበው ምንባብ ስለ ሲና ስለሆነ ተራራው በዚያች ቀን የሲናን ሥራ ይሠራል፤ ሲወርዱ ተመልሶ የከብት መሰማሪያ ይሆናል። ይህ ከዘጸአት 19 ጋር እንዴት እንደሚስማማ አንባቢ ያስተውል። ሁለተኛ፣ በኦሪቱ ሕዝቡ ከተራራው ግርጌ ይቆማል፤ በስግድ ግን ይወጣል። ይህ ትእዛዝ መተላለፍ ሊመስል ይችላል። ከላይ ያየነው የግሪኩ ንባብ ግን በሩን ከፍቶታል፤ ደመናው ከራቀ በኋላ መውጣት ተፈቅዷል። ስግድ ደመናው ከሄደ በኋላ የሚኖር ሕዝብ በዓል ነው። የሚወጡት እንደገና እንዲወርድላቸው ለመለመን ነው፤ ሲጸልዩም ፊታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ነበር።

ታዲያ ክርስቲያኑ ጎንደሬ ተራራውን በስም ይዞ ሜዳ ላይ ሲያቆመው፣ ቤተ እስራኤል ስሙን ትቶ ተራራውን በእግሩ ይወጣዋል። ሁለቱም የሚያነቡት ኦሪት ያው ከግሪክ የተተረጎመው ግእዝ ነው። አንዱ ሌላውን በትዕቢት ሊከስ የሚያስችለው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ማጠቃለያ

ከ1984–85ቱና በግንቦት 1991 ከተካሄደው የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ጎንደርን ለቆ በእስራኤል ይኖራል። ስግድ በዚያ በ2008 በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በኢየሩሳሌምም የቤተ መቅደሱን ተራራ ፊት ለፊት ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ይከበራል። አባቶቻቸው ከአምቦበር በስተ ሰሜን አሻግረው በልባቸው የሚያዩት ተራራ አሁን በዓይን ይታያል። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከሩቅ ለሚናፍቅ ሰው የተሠራ ሥርዓት ከደረሰ በኋላ ምን ይላል? መልሱን ያንን ግእዝ በሰሜንና በደምቢያ መንደሮች የተማሩት ቄሶች ሊነግሩን ይችሉ ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም አርጅተዋል።

እኛ የግእዝን ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ዜና መዋዕሎችን ከአሸናፊው ወገን ብቻ ማንበብ ለምደናል። የቤተ እስራኤልን ጸሎትና የንባብ ትርጓሜ ደግሞ ለውጭ አገር ተመራማሪዎች ትተናል፤ እኔም ከተዉት አንዱ ነኝ። የሠርፀ ድንግልን ዜና መዋዕል በሚቀጥለው ጊዜ ሳስተምር ያን አንቀጽ ከመሳፍንት ምዕራፍ 4 እና ከማቴዎስ ምዕራፍ 17 ጋር ሦስቱን አንድ ላይ አስነብባለሁ። የትኛው ታቦር ብላ ለጠየቀችኝ ተማሪም መልሴ ይህ ነው፦ ረዳኢ ያለው የዲቦራን ታቦር ነበር፤ የሰማው ሰው ግን የሰማው የራሱን ነው።